«ካርቦሃይድሬት» እና «ኃይል ሰጪ» አንድ አይደሉም

በጤና ትምህርት ምግብ ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ከዚህ አከፋፈል የተነሣ «ኃይል ሰጪ» የሚለው ሐረግ «ካርቦሃይድሬት» የተባለውን የውጭ ቃል ተክቶ ሲሠራበት ይታያል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ሐረጉ ቃሉን ሊተካ አይገባም የሚል ነው።

«ካርቦሃይድሬት» የንጥረ ነገር ስም ሲሆን «ኃይል ሰጪ» ግን የአገልግሎት ስም ነው። ቅባትም ኃይል ይሰጣል፤ እንዲያውም ከአንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሲገኝ፣ ከአንድ ግራም ካርቦሃይድሬት የሚገኘው 4 ያህል ነው። በአንጻሩ አሰር ካርቦሃይድሬት ቢሆንም የሚሰጠው ኃይል ጥቂት ነው። ከገንቢዎች ተርታ የሚቆጠረው ወተትም የራሱ ስኳር አለው።

ልዩነቱ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳልሆነ ለመረዳት ቦርከና የሚፈስበትን የጨፋ ሸለቆ እንመልከት። የአራሹ ገበታ በማሽላና በጤፍ፣ የአርብቶ አደሩ በወተት ላይ የቆመ ነው። ከሚሴ ላይ አንድ የስኳር ሕመምተኛ አራሽ «ኃይል ሰጪ ምግብ ይቀንሱ» ቢባሉ፣ ጉልበትዎን ይቀንሱ የተባሉ ያህል ሊሰማቸው ይችላል። ያለ ማብራሪያ «ካርቦሃይድሬት ይቀንሱ» ቢባሉ ደግሞ የሻዩን ስኳር ትተው የማሽላ እንጀራውን እንደ ወትሮው ሊቀጥሉ ይችላሉ።

ቃሉን ደጋግሞ መለወጥም መፍትሔ አይሆንም። በቬትናም ከፈረንሳይኛ የተወሰደው «ግሉሲት» ለረጅም ጊዜ በመማሪያ መጻሕፍት ሲያገለግል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. የ2018ቱ ሥርዓተ ትምህርት የእንግሊዝኛውን ስያሜ አስገብቷል። በእንዲህ ያለ ለውጥ ወላጅ የተማረውን ስም ልጁ በመጽሐፉ አያገኘውም።

ስለዚህ «ካርቦሃይድሬት» ባለበት ይጽና፤ አጻጻፉም በ«ሃ»፣ በ«ሀ»ና በ«ሐ» መዋለሉ ቀርቶ አንድ ይሁን። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ተማሪ ቃሉን በአፋን ኦሮሞም፣ በአማርኛም፣ በእንግሊዝኛም በተቀራረበ ድምፅ ስለሚያገኘው ሦስቱን ቋንቋዎች ያገናኝለታል። «ኃይል ሰጪ» ደግሞ የአገልግሎት መግለጫነቱን ይዞ ይቀጥል። ከሁሉም በላይ ቃሉ ለሕዝብ በሚነገርበት ቦታ ሁሉ እንጀራው፣ ገንፎውና ንፍሮው በስማቸው ይጠሩ። የውጭ ቃል የሚለመደው በሚያውቁት ምግብ ሲገለጥ ነው።