ነቅሎ መተው ጥገና አይደለም፦ የኤሌክትሪክ ብስክሌት የፍሬን ሴንሰርና ድምፅ አልባው ብልሽት

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ የሚደረገው ውይይት በአመዛኙ በባትሪ፣ በኃይል መሙያ ጣቢያና በዋጋ ዙሪያ ይሽከረከራል። የጥገና ጉዳይ፣ በተለይም የባለሁለት ጎማዎቹ ጥገና፣ የሚገባውን ትኩረት አላገኘም። ይህ ጽሑፍ የኤሌክትሪክ ብስክሌትን የፍሬን ሴንሰር እንደ አብነት ወስዶ የሚከተለውን ይሞግታል፦ የተበላሸን ሴንሰር ነቅሎ ብስክሌቱን ማስነሣት የሚታይን ብልሽት ወደማይታይ አደጋ መለወጥ ነው፤ ይህን የሚፈቅደውም የባለሙያው ስንፍና ብቻ ሳይሆን የዕቃው ንድፍ ጭምር ነው።

የሴንሰሩ ተግባር ብስክሌቱን ማቆም አይደለም፤ ያ የሸራው ሥራ ነው። ሴንሰሩ አሽከርካሪው የፍሬኑን እጀታ በሳበበት ቅጽበት ኮንትሮለሩ ለሞተሩ የሚሰጠውን ኃይል እንዲያቋርጥ ምልክት ይሰጣል። ባለሁለት ሽቦው ዓይነት ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር እጀታው ሲሳብ ሁለቱን ሽቦዎች ያገናኛል። ባለሦስት ሽቦው ኤድዊን ሆል በ1879 እ.ኤ.አ. በደረሰበት ክስተት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከኮንትሮለሩ 5 ቮልት ተቀብሎ የማግኔትን መቅረብና መራቅ ወደ ምልክት ይለውጣል።

ብልሽቱ በሁለት መልክ ይከሰታል። በመጀመሪያው፣ ፍሬን ሳይያዝ ሴንሰሩ «ተይዟል» የሚል ምልክት ይልካል፤ ሞተሩም አይነሣም። መንስኤው የደከመ ሞላ፣ ከቦታው የተንሸራተተ ማግኔት ወይም በክረምት ወደ ማገናኛው የገባ ውኃና ጭቃ ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው፣ ፍሬን ተይዞም ምልክቱ ስለማይደርስ ሞተሩ መግፋቱን ይቀጥላል። የፊተኛው ራሱን ያጋልጣል፤ የኋለኛው ግን ብስክሌቱ እንደ ጤነኛ ስለሚሄድ ይሰወራል። በተለመደው ንድፍ ደግሞ ለኮንትሮለሩ የተነቀለ ሴንሰርና ያልተያዘ ፍሬን አንድ ናቸው። ስለዚህ ባለሙያው ማገናኛውን ሲነቅል ብስክሌቱ ይነሣል፣ ባለቤቱም አመስግኖ ይሄዳል፤ የተፈጸመው ግን የመጀመሪያውን ብልሽት በሁለተኛው መተካት ነው።

መንቀል በራሱ ስህተት አይደለም፤ የምርመራ እንጂ የጥገና እርምጃ አለመሆኑ ነው ቁም ነገሩ። ተገቢው ቅደም ተከተል እንዲህ ሊሆን ይችላል። ሞተር ያለበት ጎማ ከመሬት ይነሣል፤ የግራና የቀኙ ሴንሰር በየተራ ይነቀላል። የአንዱ መነቀል ሞተሩን ካስነሣው ጥፋቱ በዚያ ወገን ነው። ለውጥ ከሌለ ፍለጋው ወደ ፍጥነት መስጫውና ወደ ኮንትሮለሩ ይሻገራል። ጥፋተኛው ወገን ከታወቀ በኋላ የእጀታው አመላለስ፣ የማግኔቱ አቀማመጥና የማገናኛው ንጽሕና ይታያል። ከዚያም ባለሁለት ሽቦው በማልቲሜትር ሲለካ እጀታው ሲለቀቅ ክፍት፣ ሲሳብ ዝግ መሆን አለበት፤ በባለሦስት ሽቦው 5 ቮልቱ መድረሱና የምልክቱ ቮልቴጅ ከእጀታው ጋር መለዋወጡ ይረጋገጣል። የመጨረሻው እርምጃ ከሁሉ ይበልጣል፦ ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ጎማው በሞተር እየዞረ እጀታዎቹ በየተራ በስሱ ይሳባሉ፤ ሸራው ከመያዙ በፊት ሞተሩ ኃይል ማቋረጥ አለበት። ይህ ፈተና ካልተደረገ ሞተሩ መነሣቱን እንጂ መቆሙን ያረጋገጠ የለም።

«ጤናማ ሸራ ካለ ሞተሩን ያሸንፈዋል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ እውነትነትም አለው። የአውሮፓው ኢኤን 15194 ደረጃ የሞተሩን ቀጣይ ኃይል በ250 ዋት፣ የሞተሩን እገዛ ደግሞ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ይገድባል። ከነአሽከርካሪው 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብስክሌት በዚህ ፍጥነት ወደ 2,400 ጁል የሚጠጋ የእንቅስቃሴ ጉልበት ይኖረዋል፤ ያልተቋረጠ ሞተር በየሰከንዱ 250 ጁል፣ ማለትም ከአሥር እጅ አንድ እጅ ገደማ ይጨምርበታል። ደረቅና ሜዳ በሆነ መንገድ ይህ ላይሰማ ይችላል። ሸራው ባለቀበት፣ አስፋልቱ በረጠበበት፣ ጭነት በበዛበት፣ ወይም በእግረኛ መካከል በዝግታ ሲኬድ ግን ልዩነቱ የአደጋና የደኅንነት ነው።

የንድፉን ችግር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአሮጌው የአዲስ አበባ–አዳማ መንገድ ላይ በምትገኘው ገላን የሚያልፉ ከባድ መኪናዎች አየር ሲያመልጣቸው ሞላው ፍሬኑን ይይዛል፤ ጉድለቱ ራሱ ያቆማቸዋል። ጆርጅ ዌስቲንግሀውስ በ1872 እ.ኤ.አ. ለባቡር የሠራው አውቶማቲክ የአየር ፍሬን መርሕም ይኸው ነበር። የብስክሌቱ ሴንሰር ግን በተቃራኒው ታስቧል፤ ሽቦው ሲበጠስ ዝም ይላል።

እርግጥ ነው፣ በተበጠሰ ሽቦ ምክንያት ብስክሌቱ ፈጽሞ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ በዕለት ገቢ የሚኖረውን አሽከርካሪ ከመንገድ ያስቀረዋል። ስለዚህ መካከለኛውን መንገድ እመርጣለሁ፦ ኮንትሮለሩ የሴንሰሩን አለመኖር ለይቶ ያስጠንቅቅ፤ ፍጥነቱንም ቀንሶ እስከ ጋራዥ ያድርስ። ወደ አገር ለሚገቡና እዚህ ለሚገጣጠሙ ብስክሌቶች የሚወጣ የጥራት ደረጃ ይህን ሊጠይቅ ይገባል።

እስከዚያው የእኛ የተመራቂዎች ድርሻ አለ። የቂሊንጦው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከገላን ሩቅ አይደለም። በአንድ ክረምት ከጋራዦች የሚጣሉ ሴንሰሮችን ሰብስቦ የብልሽታቸውን መንስኤ መለየት ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚበቃ፣ ውድ መሣሪያም የማይጠይቅ ሥራ ነው። ውጤቱ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የአንድ ገጽ መመሪያ ሆኖ በየጋራዡ ግድግዳ ቢለጠፍ፣ የመጨረሻው መስመር «ሞተሩ መቆሙን ሳታረጋግጥ ብስክሌቱን አታስረክብ» የሚል ሊሆን ይገባል።