የሱፐርቪዥኑ መኪና የጥርስ ባለሙያም ይዞ ይምጣ

ይድረስ ለዞን ጤና መምሪያዎችና ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ኃላፊዎች

ክቡራን፣

በገጠር ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ጥርሷን ሲያማት የሚደረገውን ታውቃላችሁ። የሥራ ባልደረባዋ ዳይክሎፌናክ ይወጋታል፤ ፊቷ ካበጠ አሞክሳሲሊን ይጨመርላታል፤ ከዚያ ወደ ማዋለጃ ክፍሏ ትመለሳለች። ሕመሙ ለጊዜው ጋብ ይላል። የተቦረቦረ ጥርስ ግን በክኒን አይደፈንም፤ ይህን ለታካሚዎቿ የምትነግረው እሷው ናት።

የምቃወመው የጥርስ ሕመምን ከሕመም የማይቆጥረውን ይህን አሠራር ነው። ከተማ ሄጄ ልታከም ስትል «ተተኪ የለም» ትባላለች። ቢፈቀድላትም ቀኑ ከዓመት ፈቃዷ ይቆረጣል፤ የመኪናውም ወጪ የራሷ ነው። ስለዚህ ችላ ታድራለች። ሆስፒታል ስትደርስ፣ በጊዜው ቢሆን ይሞላ የነበረው ጥርስ ብዙውን ጊዜ ይነቀላል። ጉዳቱም በእሷ ብቻ አያበቃም፤ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የተዋቀረው ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል ነው። ስኳር በበዛበት ሻይና በብስኩት ሌሊቱን የምታነጋ፣ ሕመም እንቅልፍ የነሣት ነርስ መድኃኒት ስትመጥን ብትሳሳት ተጠያቂው ማን ነው?

የጥርስ ሐኪሞች በከተማ መከማቸታቸው እውነት ነው። ይሁንና ለድጋፋዊ ሱፐርቪዥን መኪና ትልካላችሁ። ቼክሊስቱ መዝገቡን፣ መድኃኒት ክፍሉን፣ የእጅ መታጠቢያውን ያያል፤ የሠራተኛዋን አፍ ግን የሚያይ የለም። በዚያው መኪና ከሆስፒታሉ አንድ የጥርስ ባለሙያ ቢሳፈር ምን ይጎድላል? ያለ መብራትና ያለ መሰርሰሪያ፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ የበሰበሰውን ጠርጎ በግላስ አዮኖመር የመሙላት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ታንዛኒያ የተጀመረ ነው። ግላስ አዮኖመርና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙናም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል።

የሚቀጥለው ሩብ ዓመት የሱፐርቪዥን ዕቅድ ሲወጣ የጥርስ ባለሙያው ስም ይግባበት። ባለሙያው እዚያው ሊያክማት ካልቻለም ወደ ሆስፒታል በሪፈር ትሂድ፤ ቀኑ በሕመም ፈቃድ ይያዝላት፤ ተተኪም ከአጎራባች ጤና ጣቢያ ይመደብ።

ከአክብሮት ጋር፣
በገጠር ጤና ጣቢያ የሠራች ነርስ