ከማረሚያ ለወጣው ልጅ ቀድሞ የሚደውልለት ማነው?



ይህን የምጽፈው ለወላጆች አይደለም። መስጂድ ለምትመላለሱ፣ ዕድሜያችሁ ከ15 እስከ 25 ለሆነ ወንድሞቼ ነው። ጉዳዩ ሞባይል ነጥቆ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ሱቅ ሰብሮ የተያዘ፣ ማረሚያ ገብቶ የወጣ ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ የሌለበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም።

ስለ እሱ ሲወራ "ድህነት ነው"፣ "ወላጆቹ ለቀውት ነው" ይባላል። ውሸት አይደለም። ግን በአንድ ቤት አድገው፣ ከአንድ ትሪ በልተው፣ አንዱ ቂርኣት ላይ ሌላው ፖሊስ ጣቢያ የሚገኙ ወንድማማቾች አሉ። ብዙ ጊዜ የሚለያያቸው ከዐስር ሶላት በኋላ ከማን ጋር እንደሚውሉ ነው። በዚያ ዕድሜ ብቻውን የሚነጥቅ ልጅ ብዙም አይገኝም። አንዱ ዙሪያውን ይቃኛል፣ አንዱ ያዘናጋል፣ አንዱ ይነጥቃል። ከዚያ ጆተኒው አጠገብ ቆመው ሲያወሩት ሳቅ በሳቅ ይሆናሉ። አልገባበትም ያለው "ፋራ" ይባላል። ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይህች ቃል ከፖሊስ ዱላ በላይ ታስፈራዋለች።

ሳቁን ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ቶማስ ዲሺዮን የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የ13 እና የ14 ዓመት ልጆችን ከጓደኞቻቸው ጋር አስቀምጠው ሲጫወቱ በቪዲዮ ቀረጿቸው። አንዱ ስለ ጥፋት ሲያወራ ሌላው እየሳቀ የሚቀበለው ከሆነ፣ በቀጣዮቹ ዓመታት የእነዚያ ልጆች ጥፋት ሲጨምር ታየ። ከጆአን ማኮርድና ከፍራንሷ ፑላን ጋር በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ ደግሞ የበለጠ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ለጥፋት የቀረቡ ልጆችን ለብቻቸው ሰብስቦ ለመርዳት የተደረጉ አንዳንድ ፕሮግራሞች ልጆቹን ጭራሽ አባሷቸው። ምክንያቱም ልጆቹ ከመካሪው ይልቅ እርስ በርሳቸው ይሰማሙ ነበር። ማረሚያም ከዚህ አያመልጥም። በአንድ ሞባይል የገባ ልጅ እዚያ ስለ ቁልፍ የሚያውቅ ሌላ ልጅ ያገኛል።

እሺ፣ ወጣ እንበል። ያየሁትን ልንገራችሁ። ከወጣ ገና ሳምንት ያልሞላው ልጅ ለዙህር መጣ። ሶፍ ሲገባ ከጎኑ የነበረው ወጣት ተነስቶ ጫማውን ከበሩ አምጥቶ ፊቱ አስቀመጠ። ልጁ አይቶታል። የሚቀጥለው ጁሙዓ ላይ አልነበረም። የድሮ ጓደኞቹ ግን ከእሱ የሚደብቁት ጫማ የላቸውም። "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" ብለው ጫት ገዝተው፣ ካርድ ሞልተው ተቀበሉት። እንደገና ሲያዝ "አይመለስም ብያችሁ ነበር" ያሉ ሰዎች ነበሩ። ወዴት ነበር የሚመለሰው?

አንዳንዶቻችሁ "ኡስታዝ፣ ከመጥፎ ጓደኛ ራቁ አይደል የተባልነው? የሽቶ ሻጩና የወናፍ ነፊው ሐዲስስ?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። ብቻህን ሆነህ አምስት ሆነው ከሚቅሙ ልጆች ጋር ልቀመጥ ብትለኝ አትሂድ እልሃለሁ። ነገር ግን እናንተ አራት ሆናችሁ እሱ አንድ ሲሆን ሽቶው ከማን ወደ ማን ነው የሚሸተው? ያ ሐዲስ የወደቀ ሰው ሊነሳ ሲፈልግ በሩን የምንዘጋበት ቁልፍ አይደለም።

99 ነፍስ ያጠፋውን ሰውዬ ታሪክ አስታውሱ፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። መጀመሪያ የጠየቀው አምላኪ ተውበት የለህም ብሎ ተስፋ አስቆረጠው፤ እሱንም ገድሎ መቶ ሞላ። ቀጥሎ ያገኘው ዓሊም የተውበት በር ክፍት መሆኑን ነገረው፣ ግን በዚህ አላበቃም። አላህን የሚገዙ ሰዎች ወዳሉበት አገር ሂድ፣ ከእነሱ ጋር ሁን፣ ወደ አገርህም አትመለስ አለው። የሚሄድበት ሰው ሰጠው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ ስንሰማ ልባችን የሚቀረው መላእክቱ በተከራከሩበት ቦታ ላይ ነው። የዓሊሙን ምክር ቶሎ እናልፈዋለን። የእኛ ሰፈር ልጅ ደግሞ የሚሄድበት ሌላ አገር የለውም፤ ከወጣም በኋላ ያው በር፣ ያው ጆተኒ ነው የሚጠብቀው። የተለየ ነገር ሊያገኝ የሚችለው ከእናንተ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለእንደነዚህ ዓይነት ልጆች ብቻ የሚሆን ደርስ እንክፈት የሚለውን ሐሳብ ተዉት። አንዱን ልጅ ብዙዎቻችሁ መሐል አስገቡት። በምክርም አትጀምሩ፤ ምክሩን ከእናቱ ጠግቧል። ኳስ ስትጫወቱ ጥሩት፣ ሥራ ያላችሁ አብሯችሁ እንዲውል ጠይቁት። የድሮውን ታሪክ እያሳመረ ሲያወራ አትሳቁለት፤ አትቆጡትም፣ ወሬውን ቀይሩ። የሰደቃ ሣጥን አስረክቡት አላልኩም፤ እምነት ቀስ እያለ ነው የሚመጣው።

አንድ ነገር ለታላላቆቻችሁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 159 ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ጥፋተኛ ልጅን ፍርድ ቤቱ ለዘመድ፣ ዘመድ ከሌለው ወይም የማይሆን ከሆነ ደግሞ ለሚታመን ሰው በኃላፊነት መስጠት እንደሚችል ይናገራል። ተረካቢው የልጁን ጠባይ እንደሚከታተል በጽሑፍ ግዴታ ይገባል። ከጀማዓችን ባለትዳር ሲጣላ ሽማግሌ ሆኖ የሚሄድ ሞልቷል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ልፈርም ብሎ ፍርድ ቤት የሄደ ግን እኔ አላየሁም። አቅሙ ያላችሁ የልጁ ጉዳይ ገና ሳይወሰን ቤተሰቡን አነጋግሩ። ዕድሜያችሁ ለዚያ ያልደረሰ፣ መቼ እንደሚወጣና ስልኩን ከእናቱ ጠይቁ።

ወላሁ አዕለም።