ወናፍና ቱቦ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ መኪና ነው። «እሱ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መኪና የሚያውቀው?» እንዳትሉኝ። መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን ካርሜ ጋት የሚኖርና ሃያ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ያለው አባት ሳይወድ በግዱ ስለ መኪና ይማራል።

ለማታውቁት፣ ካርሜ ጋት ከቅርያት ጋት በስተሰሜን የተሠራ አዲስ ሰፈር ነው። ፎቁ አዲስ፣ መንገዱ አዲስ፣ ዛፉም ገና ጥላ ያልያዘ ነው። በበጋ የቆመ መኪና ኮፈን ላይ እጅ አይነካም። ከነጌቭ በኩል ሻራቩ ሲነሣ ደግሞ አቧራው በር ተዘግቶም ይገባል። እንግዲህ በዚህ ሙቀትና በዚህ አቧራ መሀል ነው ልጄ «መኪናዬ ቀዝቃዛ አየር ያስፈልጋታል» ብሎ የተነሣው።

ከጦር ሠራዊት ከተሰናበተ በኋላ አጠራቅሞ አንዲት አሮጌ መኪና ገዛ። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሰንበት ሊገባ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ወደ መኪና ማቆሚያው ብወርድ ኮፈኑን ከፍቶ በሴጌቶ የውኃ ቱቦ ይቆርጣል። የፋብሪካውን የአየር ሣጥን አውልቆ መሬት ላይ ጥሎታል። በምትኩ ነጩን የፕላስቲክ ቱቦ አጥፎ፣ ጫፉ ላይ እንደ ሾጣጣ ቆብ ያለ ቀይ ፊልትሮ ሰክቶ በማሰሪያ ቀለበት አጥብቆታል። ሞተሩን ሲያስነሣው እንደ ተቆጣ በሬ ያጓራል። ጎረቤት ሁሉ በመስኮት ብቅ አለ።

እኔም ጮኽኩ። «ይህን የሽንት ቤት ቱቦ አውጥተህ ጣልልኝ! ሰው ምን ይለናል?» አልኩት። ልጄ ቀና ብሎ አየኝና (በዕብራይስጥ አንቱታ የለምና «አንተ» ነው የሚለኝ) «አባ፣ ያንተ አያት ወናፍ ይነፉ ነበር ብለህ የነገርከኝ አንተ አይደለህም?» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልስ አጣሁ።

ወናፍ የማያውቅ ወጣት ካለ ላስረዳ። አንጥረኛ ብረት የሚያቀልጠው በከሰል ብቻ አይደለም። ከቆዳ የተሰፋውን ወናፍ እያነሣ እየጫነ አየር ወደ ፍሙ ይልካል። አየር ሲበዛ እሳቱ ነጭ ይሆናል፣ ብረቱም ይታዘዛል። አባቶቻችን ይህን ሥራ የያዙት ወደው ብቻ አይደለም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከዐፄ ይስሐቅ ዘመን ጀምሮ ርስት ሲነፈጉ፣ መሬት የሌለው ሰው የሚኖርበትን ጥበብ ያዙ፤ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ግንበኛ ሆኑ። ጎንደር በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዋና ከተማ ስትሆን በግንባታው ላይ እጃቸው አለበት። ገበሬው ማረሻውን ከእነሱ ይወስድ ነበር፤ ማታ ደግሞ «ቡዳ» ብሎ ይሰድባቸው ነበር። እኔ ታዲያ የዚያ አንጥረኛ የልጅ ልጅ ሆኜ፣ ልጄ ለሞተር አየር ሊያበዛ ሲሞክር «ሰው ምን ይለናል?» እላለሁ!

ይህ ማለት ግን ልጁ ትክክል ነበር ማለት አይደለም። እስቲ ነገሩን በረጋ መንፈስ እንየው።

ሐሳቡ ራሱ እውነት አለው። ሞተር የሚሠራው አየርና ቤንዚን ደባልቆ በማቃጠል ነው። 1 ግራም ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ቀዝቃዛ አየር የታመቀ ነው፤ ሙቅ አየር የሳሳ ነው። 60 ዲግሪ የሞቀ አየር ወደ 35 ዲግሪ ቢወርድ በዚያው ስፋት ውስጥ 8 በመቶ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቃዛ አየር ቢስብ ጉልበት ይጨምራል የሚለው ነገር ተረት አይደለም።

ችግሩ ወዲህ ነው። የልጄ ቀይ ፊልትሮ የተቀመጠው የት ነው? ኮፈኑ ሥር፣ ከራዲያተሩ ኋላ፣ ከሞተሩ አጠገብ! ይህ እኮ ከምድጃው ላይ የሚወጣውን አየር መልሶ ለምድጃው መስጠት ነው። ፋብሪካው ግን ያንን አስቀያሚ ጥቁር ሣጥን የሠራው በዘፈቀደ አይደለም። ብዙውን ጊዜ አፉ ወደ ፊት ለፊት ወይም ወደ ጎማው ክንፍ ወጥቶ ከውጭ አየር ይስባል። በውስጡም ድምፅ የሚያበርድ ባዶ ክፍል አለው። ያ ሲወጣ ሞተሩ ያጓራል። ወጣቱ ጉልበት የመሰለው በአብዛኛው ድምፅ ነው።

ሌላም አለ። ተራው የውኃ ቱቦ ፕላስቲክ ከ60 ዲግሪ በላይ ለሆነ ሙቀት አልተሠራም፤ ኮፈን ሥር ሲቆይ ይለሰልሳል። የቱቦው ስፋት ከፋብሪካው ከተለየ ደግሞ አየር የሚለካው ሴንሰር ይሳሳታል፤ ኮምፒዩተሩም የቤንዚኑን ልክ ያዛባል። በዘይት የሚታሸው የፊልትሮ ዓይነት ዘይቱ ከበዛ ያንኑ ሴንሰር ያቆሽሸዋል። አንዳንዶች ይህን አውቀው ፊልትሮውን ወደ ታች፣ ባምፐር ሥር ያወርዱታል። በእርግጥ እዚያ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ግን የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ወርዶ መንገዱ ሲሞላ ሞተሩ በአየር ፋንታ ውኃ ይጠጣል። ውኃ ደግሞ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስተኑ ሲገፋው የሚታጠፈው ቢየላው ነው። የሞተሩም ነገር አበቃ ማለት ነው።

«ነዳጅ ይቆጥባል» የሚሉም አሉ። በቀስታ ስንነዳ ሞተሩ የአየር መግቢያውን ራሱ አጥብቦ ነው የሚሄደው፤ ተጨማሪ አየር የሚፈልገው እግራችንን ስንጫን ነው። የአሜሪካው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2009 ባወጣው ጥናት፣ በዘመናዊ መኪና ላይ የተዘጋ የአየር ፊልትሮ እንኳ የነዳጅ ፍጆታን ብዙም እንደማይለውጥ፣ የሚጎዳው የመፈትለክ ኃይልን እንደሆነ አሳይቷል። የቆሸሸው ፊልትሮ ፍጆታውን ካልለወጠ፣ ቀዩ ቱቦ ምን ይቆጥባል?

ይህን ሁሉ ያን ዓርብ አላውቅም ነበር። ያወቅሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያወቅሁበትም ምክንያት ደስ የሚል አይደለም።

ልጄ ሌሊት ከሥራ ሲመለስ አስቆሙት። ባትሪ ፊቱ ላይ አበሩበት፣ ወረቀቱን ጠየቁት፣ ከዚያ «ኮፈኑን ክፈት» አሉት። የተገኘው ቱቦው ነው። እዚህ አገር በመኪና አሠራር ላይ ለውጥ ማድረግ ፈቃድ ይፈልጋል። መኪናዋ ተመርምራ እስክታልፍ መንገድ ላይ እንዳትወጣ የሚከለክል ወረቀት ተሰጠው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ደወለልኝ። «አባ፣ ምንም አልሆንኩም» ነበር የመጀመሪያ ቃሉ። ይህን ቃል ከልጁ አፍ በሌሊት የሰማ የእኛ ወላጅ ሁሉ ያኔ ሆዴ እንዴት እንደተላወሰ ያውቃል።

ምክንያቱም እንረሳለን እንዴ? በ2015 መለዮ የለበሰ ወታደር ልጃችን በሆሎን ሲደበደብ በቪዲዮ አየን፤ ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ አደባባይ ወጣን። በ2016 በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ በማኅበረሰባችን ላይ ዘረኝነት መኖሩን በጽሑፍ አመነ። በ2019 ደግሞ በቅርያት ሐይም አንድ ወጣት በፖሊስ ጥይት ሞተ፤ አገሩም በተቃውሞ ተናጠ። ስለዚህ የልጄን ስልክ ስሰማ ያሰብኩት ስለ ቱቦ አልነበረም።

በማግሥቱ ልጄ አንድ ነገር አለኝ። «ቱቦው ባይኖርም ያስቆሙኝ ነበር።» እውነቱን ነው ብዬ አምናለሁ። ከመቆሙ በፊት ኮፈኑ ሥር ምን እንዳለ ማንም አላየም። በደል በደል ነው፣ ቱቦው ምክንያቱ አይደለም። ነገር ግን እኔም መለስኩለት፦ «ልጄ፣ ያስቆሙህ ያለ ጥፋትህ ነው። መኪናህን ያስቀሩት ግን አንተ በሰጠሃቸው ነገር ነው። በእኩል ዓይን መታየትን እንጠይቃለን፣ አንተውም። እስከዚያ ድረስ ግን ሰበቡን በገዛ እጃችን ጠምዝዘን አንስጣቸው።» ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ነው ለወላጆች ልነግር የፈለግሁት። መኪናዋን «ሽጣት» አላልኩትም። እሑድ ማታ አብሬው ኮፈኑ ሥር ገባሁ። እሱ የመኪናውን ኮምፒዩተር የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ ነበረው፤ ሞተሩ የሚስበውን አየር ሙቀት በስልክ ያሳያል። እዚያው ማቆሚያው ላይ በቀይ ፊልትሮው አስነሥተን ቆየን። ውጭው 31 ዲግሪ፣ የሚስበው አየር 58! ልጄ ቁጥሩን ሲያይ ከእኔ ጩኸት ይልቅ እሱ አሳመነው። የድሮውን ሣጥን መልሰን ገጠምን፤ አሁንም 50 አለ። ለምን? ፈልገን ፈልገን ደረስንበት። ከሣጥኑ ወደ ፊት ለፊት የሚወጣው ቱቦ ከእኛ በፊት ተሰብሮ ወድቋል! አሮጊቷ መኪና ለስንት ዓመት ከራዲያተሩ ኋላ ሙቅ አየር ስትስብ ኖራለች። ልጁ «አየር ጎድሏታል» ማለቱ ልክ ነበር፤ የሳተው መድኃኒቱን ነው።

ያቺን ቁራጭ ቱቦ ከአሮጌ መኪና ዕቃ መሸጫ በአንድ ምሳ ዋጋ አገኘናት። አዲስ የወረቀት ፊልትሮ ጨመርንባት። ቁጥሩ መንገድ ላይ 36 ወረደ። መኪናዋም ምርመራውን አለፈች። ልጄ ፈገግ ብሎ «ድምፁ ግን የለም» አለኝ። «ድምፁን በሠርግህ ቀን እናሰማለን» አልኩት።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይኸው ነው። ወጣቶች ሆይ፣ ቱቦ ከመቁረጣችሁ በፊት ለኩ። ፋብሪካው የሠራው የአየር መንገድ ሙሉ መሆኑን እዩ። ከአቧራ ወቅት በኋላ ፊልትሮ ቀይሩ። ከዚያ አልፋችሁ ልትለውጡ ከፈለጋችሁ፣ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሞተሩ ከተቃጠለና ወረቀት ከተሰጣችሁ በኋላ አይደለም። ደግሞም ይህን አስቡ፦ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከዚህ ቆላ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌላት መኪና እዚያ ሽቅብ ስትወጣ ታቃስታለች። እዚህ ካርሜ ጋት ቆማ የምትስበው አየር፣ ማንም ቱቦ ጎንደር ላይ ሊሰጣት ከሚችለው በላይ ነው። አንዳንዴ የጎደለን የመሰለን ነገር በእጃችን ያለ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ እኛ ደግሞ እንደመጥ። ሴጌቶ ይዞ ኮፈን የሚከፍት ልጅ ሰነፍ አይደለም። ያ እጅ ወናፍ ከያዘው እጅ የወረደ ነው። ብንጮኽበት ከእኛ ተደብቆ ይሠራል፤ አጠገቡ ብንቆም ግን ይለካል፣ ይጠይቃል፣ ይማራል። ኢንቴልን የሚያህል ፋብሪካ ያለበት ከተማ ውስጥ እየኖርን የልጆቻችንን የእጅ ጥበብ ማቆሚያ ውስጥ ማባከን ነውር ነው። የቴክኒክ ትምህርት ጠይቁላቸው፤ ፈተናውን ወስደው በወረቀት የተመሰከረ ባለሙያ ይሁኑ። አያቶቻችን የሠሩትን ሠርተው ስድብ ተቀበሉ፤ እነዚህ ግን ክብር ይቀበሉበት።

የእኔማ ልጅ ባለፈው ሳምንት «አባ፣ ወናፉ በትክክል እንዴት ነበር የሚሰፋው?» ብሎ ጠየቀኝ። የማውቀውን ያህል በወረቀት ላይ ሣልኩለት።

ቸር ይግጠመን፣ ሰላም ሁኑ።