ራሱን የቻለ ፊልም አውጪ በምን ይቆማል?

በአሜሪካ የፊልም ሥራ ታሪክ ስማቸው የታወቀው ሚስተር ሮጀር ኮርማን በ1926 ዓ.ም. በዲትሮይት ከተማ ተወልደው በ2024 ዓ.ም. በ98 ዓመታቸው አረፉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ካረፉ በኋላ ብዙ የተነገረው በእጃቸው ስላለፉት ዝነኞች ነው። እኛ የምንመረምረው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው የታላላቅ ስቱዲዮዎች ጥገኛ ሳይሆን በፊልም ንግድ ይህን ያህል ዘመን ሊቆም የቻለው በምን ዘዴ ነው? የሚል ነው።

ኮርማን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት የኢንዱስትሪ ምሕንድስና እንጂ ኪነ ጥበብ አልነበረም። በ1954 ስለ ባሕር አውሬ የሚያወራውን የመጀመሪያ ፊልማቸውን ያወጡት በ12,000 ዶላር ያህል ጥሬ ገንዘብ ነው። ዘመኑም ረድቷቸዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 የሰጠው ፍርድ ታላላቆቹ ስቱዲዮዎች ከሲኒማ ቤቶቻቸው እንዲለያዩ ምክንያት ሆኖ ነበርና ለውጭ ሰው በሩ ጥቂት ተከፈተ። በመኪና ውስጥ ተቀምጦ ፊልም የሚታይባቸው ሜዳዎችም ለወጣቱ የሚስማማ ርካሽ ፊልም ይፈልጉ ነበር።

ራሱን የቻለ ፊልም አውጪ ጠላቱ የገንዘብ ማነስ ብቻ አይደለም፤ የገንዘብ መዘግየትም ነው። ፊልሙ ለሲኒማ ቤቶች ከተከፋፈለ በኋላ ገንዘቡ ወደ ባለቤቱ እስኪመለስ ብዙ ወራት ያልፋሉ፤ ባለቤቱም እስከዚያው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ኮርማን ይህን ስለ ተረዱ፣ ቀጥሎ የሠሩትን ፊልም ለአንድ አዲስ አከፋፋይ ኩባንያ ሲሰጡ ለሚመጡት ፊልሞች ቀብድ እንዲከፈላቸው ተዋዋሉ። ይህም ኩባንያ በኋላ አሜሪካን ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ የተባለው ነው። ስለዚህ ሥራቸው ሳይቋረጥ ቀጠለ። በ1960 የወጣው «ዘ ሊትል ሾፕ ኦፍ ሆረርስ» ዋናው ቀረጻ በሁለት ቀን መፈጸሙ የታወቀ ነው።

ይሁን እንጂ ቁጠባ ሁሉን አይፈታም። ኮርማንና ወንድማቸው ጂን የራሳቸውን ገንዘብ አውጥተው በ1962 «ዘ ኢንትሩደር» የተባለውን ፊልም አቀረቡ። ታሪኩ፣ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ የአንዲት ከተማ ሕዝብን ስለሚያነሣሣ ሰው ነው። ተቺዎች አመሰገኑት፤ ገበያው ግን ፊቱን አዞረበት። ከዚያ ወዲህ ኮርማን ቁም ነገሩን በአስፈሪና በጀብዱ ታሪክ ውስጥ ሸሽገው ማቅረብን መረጡ። ይህን አንዳንዱ ብልሃት፣ አንዳንዱ ሽንፈት ይለዋል። በእኛ አስተያየት ከሁለቱም አለበት፤ ከአለቃ ነፃ የሆነ ሰው ከገበያ ነፃ አይደለምና።

በ1970 ኒው ወርልድ ፒክቸርስ የተባለውን ኩባንያ ባቋቋሙ ጊዜ ማከፋፈሉንም በእጃቸው አደረጉ። ከርካሾቹ ፊልሞች ጎን የበርግማንን፣ የፌሊኒንና የኩሮሳዋን ሥራዎች ለአሜሪካ ተመልካች አደረሱ። ፍራንሲስ ኮፖላ፣ ማርቲን ስኮርሴዚና ጄምስ ካሜሮን በወጣትነታቸው ለእርሳቸው ሠርተዋል። ለዚህም ሁሉ በ2009 የክብር ኦስካር ተሰጣቸው። ደመወዙ ግን ትንሽ፣ ሥራው ብዙ ነበር። ለዝነኞቹ ልምዱ ካሣ ሆኗቸዋል፤ ስማቸው ላልተጠራው ሠራተኞችስ? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ነገሩ የትናንት ብቻ አይደለም። የ1948ቱ ፍርድ ያስከተለው ግዴታ እንዲቀር በ2020 አንድ የፌዴራል ዳኛ ፈቀዱ። ኮርማን ባረፉበት በ2024 ደግሞ ሶኒ ፒክቸርስ አላሞ ድራፍትሃውስ የተባለውን የሲኒማ ቤቶች ኩባንያ ገዛ። ሠሪውና አሳዪው እንደገና አንድ መሆን ከጀመሩ፣ 12,000 ዶላር ይዞ የሚመጣ ወጣት ማን በር ላይ ቆሞ ያንኳኳል? ካሜራ ዛሬ ከቀድሞው እጅግ ረክሷል፤ ፊልሙን ለሕዝብ የሚያደርስ መንገድ ግን አሁንም ባለቤት አለው። ስለዚህ ወደዚህ ሙያ ለመግባት የሚያስብ ተማሪም ሆነ የባህል ሥራ የሚያቅድ ወጣት ሹም አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው የመሣሪያውን ዋጋ ሳይሆን የማከፋፈያውን ውል ነው።