ቁስለኛውን ብርድ እንዳይቀድመን



በአንበሳሜ ገጠር ክረምት ሲገባ መኪና የማይደርስበት መንደር ብዙ ነው። የተጎዳ ሰው የሚወጣው በቃሬዛ፣ በጎረቤት ትከሻ ነው። እኛም በአንድ ሐምሌ ጭኑ የተሰበረ ወጣት ከመንደሩ ሙስሊምና ክርስቲያን ጋር ተሸክመን ነበር። ዝናብ አርሶታል፤ ሐሳባችን ግን ቶሎ መድረስ ብቻ ነበር። ስንደርስ ነርሷ ስብራቱን ሳታይ፣ «በእርጥብ ልብስ አመጣችሁት?» አለችን። አፈርን። አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ተርፏል።

የሰው ገላ ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ35 በታች ሲወርድ ለሕይወት ያሰጋል። በብርድ የተጎዳ ሰው ደሙ ቶሎ አይረጋም፤ መድማቱ ይብሳል። ተሸካሚው እያላበው ቁስለኛው ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀን በመጫን ደሙን እናቁም። ከዚያ ከነፋስና ከዝናብ አስጠልለን፣ ስብራቱን ሳንነካካ እርጥብ ልብሱን በመቀስ ቆርጠን እናውልቅ፤ ገላውን እናድርቅ። ብርድ ከሥርም ይገባልና ቃሬዛው ላይ አጎዛ እናንጥፍ። ፊቱን ብቻ ትተን ከነራሱ በደረቅ ጋቢ፣ ከውጭ በላስቲክ እንጠቅልለው። እጅ እግሩን ማሸት አይገባም። ሲንቀጠቀጥ የነበረ ሰው መንቀጥቀጡን ትቶ ከፈዘዘ ብሶበታል እንጂ አልተሻለውም።

«ያሞቀዋል» ብሎ አረቄ የሚያቀርብ አይጠፋም። ሐራምነቱ የታወቀ ነው፤ ሕክምናውም ይቃወመዋል። ቆዳን ለጊዜው አሙቆ የውስጡን ሙቀት ያስወጣልና።

«የተጎዳችው እህታችን ብትሆንስ፣ ልብሷ እንዴት ይወልቃል?» የሚሉ አሉ። ሐያእ የኢማን ክፍል መሆኑ እውነት ነው። ይሁንና የፊቅህ ሊቃውንት አስገዳጅ ችግር የተከለከለውን እንደሚያስፈቅድ፣ ያም በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንደሆነ አስተምረውናል። ሴቶች በጋቢ ከልለው ያውልቁላት፤ ሴት ከታጣ በቦታው ያለው ሰው ዓይኑን ሰብሮ ያድርገው። እህታችን በእኛ ማመንታት መሞት የለባትም።

ሱረቱል ማኢዳ በ32ኛው አንቀጽ አንዲትን ነፍስ ማዳን ምን ያህል ታላቅ እንደሆነ ያስተምረናል። ለጀናዛችን በየመስጂዱ ቃሬዛ አዘጋጅተናል። ለሕያውስ? ከዚያው ቃሬዛ አጠገብ አንድ አጎዛ፣ ሁለት ጋቢና ላስቲክ በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥረን ብናስቀምጥ ምን ይከብደናል? ወጣቶቻችን ይህን ከዚህ ጁሙዓ ይጀምሩት።

አላህ (ሱ.ወ) ከድንገተኛ አደጋ ይጠብቀን፤ አሚን።