ወደሩ ሳይረጋገጥ ማመሳቀል፦ ለአንድ የተለመደ አስተያየት የቀረበ ምላሽ

በ7ኛ ክፍል ሒሳብ ተማሪው ከሚይዛቸው ስልቶች አመሳቅሎ ማባዛትን ያህል የሚወደድ ጥቂት ነው። ሦስት ቁጥር ተሰጥቶ አራተኛው ሲጠየቅ ሁለት ክፍልፋዮች ጎን ለጎን ይጻፋሉ፣ መሀላቸው የእኩል ምልክት ይገባል፣ አመሳቅሎ ይባዛል፣ ይካፈላል፤ አለቀ። በመምህራን ዘንድ የተለመደው አስተያየትም ይኸው ነው፦ ስልቱ አጭር ነው፣ ለፈተና ያደርሳል፤ ልጁ መጀመሪያ አሠራሩን ይያዝ፣ ምክንያቱን ሲበስል ይደርስበታል። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ስልቱ እንከን የለበትም፤ እንከኑ ከስልቱ በፊት መቅደም ያለበት ጥያቄ መዘለሉ ነው።

የስልቱ ማረጋገጫ ከአንድ መስመር አያልፍም። ሀ/ለ = ሐ/መ ከሆነ፣ ሁለቱን ወገን በለ × መ ብናባዛ ሀ × መ = ለ × ሐ ይሆናል። ኤውክሊድ ይህን ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት በ«መሠረታውያን» 7ኛ መጽሐፍ፣ 19ኛው ሐሳብ ላይ አረጋግጦታል። ብዜቶቹ እኩል የሚሆኑት ግን አራቱ ቁጥሮች ወደረኛ ከሆኑ ብቻ ነው። ሕንዳዊው ብራህማጉፕታም እ.ኤ.አ. በ628 የሦስቱን ቁጥር ሕግ ሲጽፍ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቁጥር የአንድ ዓይነት ነገር መጠን እንዲሆኑ አዟል፤ ለተገላቢጦሹ ደግሞ ሌላ ሕግ ሰጥቷል። የጥንቶቹ ሕጉን ከነቅድመ ሁኔታው አስተማሩ፤ እኛ ቅድመ ሁኔታውን ጥለን ሕጉን አስቀረን።

ጉዳቱን ለማየት ወደ ጌዴኦ ዞን፣ ገደብ ወረዳ እንሂድ። እንደ ባንኮ ጎቲቲ ያሉ የገደብ ቀበሌዎች በዓለም የቡና ገበያ በስማቸው ይታወቃሉ። ለዚያ አገር ልጅ ከቡናው የተወሰዱ ሦስት ጥያቄዎች እናቅርብለት። አንደኛ፦ 85 ኪሎ ከነገለፈቱ የደረቀ የታጠበ ቡና ተቀሽሮ 68 ኪሎ ንጹሕ ቡና ከወጣው፣ 51 ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስንት ኪሎ ይቀሸራል? ሁለተኛ፦ 6 ለቃሚዎች አንድ ማሳ በ4 ቀን ከጨረሱ፣ 8 ለቃሚዎች በስንት ቀን ይጨርሱታል? ሦስተኛ፦ በ1 የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና በ12 ቀን ከደረቀ፣ በ3 አልጋ ላይ እኩል ሳስቶ በአንድ ቀን የተሰጣ ቡና በስንት ቀን ይደርቃል?

የሦስቱም መልክ አንድ ነው። ማመሳቀል ብቻ የለመደ ተማሪ 63.75፣ 5⅓ እና 36 ብሎ ይመልሳል። የመጀመሪያው ትክክል ነው። በሁለተኛው ሰው ሲበዛ ሥራው ዘገየ፤ መልሱ 3 ቀን ነበር። በሦስተኛው ፀሐይ አልጋዎቹን ተራ በተራ የምታደርቅ ሆነች፤ መልሱ ያው 12 ቀን ነው። ተማሪው ማባዛቱም ማካፈሉም አልተሳሳተም። የተሳሳተው የእኩል ምልክቱን ሲጽፍ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ማንም አልጠየቀውም። በመጀመሪያው ጥያቄም ቢሆን 85 ለ68 የሚለው ሬሾ በሚዛን የተገኘ እንጂ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ቡናው በደንብ ካልደረቀ ሬሾውም ይለወጣል።

ጊዜ ይቆጥባል የሚለው መከራከሪያ ደግሞ ሲመረመር አይጸናም። ሲመሳቀል 85 × 51 = 4335 ይወጣል፤ ለ68 ሲካፈል 63.75። ይህ 4335 ኪሎ በኪሎ የተባዛ ነው፤ በየትኛውም ሚዛን ላይ የማይወጣ ቁጥር። በሌላው መንገድ 85 ለ68 ሲካፈል 1.25 ነው፤ አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና አንድ ኪሎ ከሩብ ይፈልጋል ማለት ነው። በ51 ቢባዛ ያው 63.75 ነው። በሁለቱም አንድ ማባዛትና አንድ ማካፈል አለ። በፈረሱላ ለሚያስብ ሰውማ ጥያቄው ከዚህም ይቀልላል፦ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ 5 ፈረሱላ 4 ሰጠ፤ 3 ለማግኘት 3 ከሦስት ሩብ ያስፈልጋል።

ተመራማሪዎቹ ቴሬዚኛ ኑነስ፣ አናሉሲያ ሽሊማንና ዴቪድ ካራኸር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ የብራዚል ዓሣ አጥማጆችን አጥንተዋል። ብዙም ያልተማሩት አጥማጆች፣ ይህን ያህል የተዘጋጀ ምርት ለማግኘት ምን ያህል ጥሬ ምርት እንደሚያስፈልግ ያለ ትምህርት ቤት ሕግ ያሰሉ ነበር። ትርጉሙ ሲበስሉ የሚመጣ ነው የሚለውን አስተያየት ይህ ያፈርሰዋል፤ ትርጉሙ ከሥራው ጋር አብሮ ይመጣል።

ስልቱ ከነጭራሹ ከክፍል ይውጣ ከሚሉትም ጋር አልስማማም። ሬሾው 7 ለ3 ሲሆን ማካፈሉ 2.333… እያለ አያልቅም፤ አስቀድሞ ማባዛት ከማጠጋጋት ስሕተት ያድናል። በአልጀብራም ያለ እርሱ መራመድ ይከብዳል። ስለዚህ ይቆይ፤ ግን በመጨረሻ ይምጣ።

በገደብም በዲላም ያላችሁ መምህራን፣ ከምትሰጧቸው ጥያቄዎች ጥቂቶቹ ወደር የሌላቸው ይሁኑ። ተማሪው አንዱ እጥፍ ሲሆን ሌላውም እጥፍ ይሆን እንደሆነ ሳይጠይቅ ብዕር አያንሳ። «እዚህ ወደር የለም» ብሎ በምክንያት ለጻፈ ልጅም ሙሉ ማርክ ስጡት።